ትከሻው ላይ መንዳት ይቻላል? ስለ አይ-66 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማናሳስ፣ ከሴንተርቪል ወይም ከፌርፋክስ እየተነሳ ዲሲ የሚሠራ ሀበሻ ከሰሜን ቨርጂኒያ ዲሲ ስለሚያስገባው ሀይዌይ፣ ስለ አይ-66፣ የሚለው አያጣም። ቡና ላይም፣ ልቅሶ ቤትም፣ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠበቅም ወሬው እሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተቆፍሮ ሰፋ፤ ታዲያ ለምን አሁንም ያስቆማል? ቀዩ ኤክስ የት ገባ? ቶሉ፣ የመንገዱ ክፍያ፣ ለምን እንዲህ ይጨምራል? እኔንም ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ መልሶቹን አንድ ቦታ ላድርጋቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹም ሰዓቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አይ-66 ከየት እስከ የት ነው?

በሼናንዶዋ ሸለቆ ከአይ-81 ይነሳና ዲሲ ይገባል። ርዝመቱ 76 ማይል ገደማ ነው። እኛን የሚያማርረን ግን ከጌንዝቪል ወዲህ ያለው ነው። ይህንን ደግሞ ቤልትዌዩ፣ ማለትም ዲሲን የሚዞረው 495፣ ለሁለት ይከፍለዋል። ከቤልትዌዩ ውጭ ያለውና ከቤልትዌዩ ውስጥ ያለው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ስፋታቸውም፣ ሕጋቸውም፣ ታሪካቸውም ለየቅል ነው። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው።

የመንገድ ትከሻ የሚባለው የቱ ነው?

ብዙዎቻችን ሾልደር የምንለው ነው። ከቀኙ ነጭ መስመር ወዲያ ያለው የአስፋልት ጠርዝ። መኪና ሲበላሽ ዳር ይወጣበታል። ትራፊኩ ሲቆም አምቡላንስና ፖሊስ ያልፉበታል። ዝናብ ይወርድበታል፣ የተጠረገ በረዶ ይከመርበታል። ባዶውን ሲያዩት የባከነ ቦታ ይመስላል። ጎማ የፈነዳ ቀን ግን ዋጋው ይታወቃል።

ታዲያ እሱ ላይ መንዳት የተፈቀደው እንዴት ነው?

እዚህ መንገድ ላይ የተጀመረው በ1992 ነው። ከራውት 50 እስከ ቤልትዌዩ ድረስ ባለው 6 ማይል ተኩል ገደማ ላይ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የግራው ሌን ብቻውን ለማይነዳ ሰው ተሰጠ፤ ኤችኦቪ የሚሉት ማለት ነው። ቀድሞውኑ ከማይበቃ መንገድ ላይ አንድ ሌን ሲወሰድ ሕዝቡ እንደሚጮህ የታወቀ ነው። ስለዚህ በግራ የተወሰደው በቀኝ ተመለሰ። ጠዋት ወደ ዲሲ በሚወስደው በኩል፣ ማታ ደግሞ ከዲሲ በሚያወጣው በኩል ትከሻው ተራ ሌን ሆነ። ከዚያ ሰዓት ውጭ ዝግ ነው።

ነገሩ ቀለም ቀብቶ ምልክት መስቀል ብቻ አይደለም። ትከሻ ሲሠራ የሚነጠፍለት አስፋልት ብዙ ጊዜ ከዋናው ሌን ይሳሳል። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር መኪና ከሄደበት ይሰነጣጠቃል። የዝናብ ውሃ መውረጃ ፍርግርጎቹም እዚያው ላይ ናቸው። ስፋቱ ደግሞ ወደ 12 ጫማ ካልተጠጋ ሰው ይፈራዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው መግቢያና መውጫው አካባቢ ነው። ወደ ሀይዌዩ የሚገባ መኪና ድሮ ባዶ የነበረውን ጠርዝ አልፎ ነበር የሚቀላቀለው፤ አሁን እዚያ ሌላ መኪና እየመጣ ነው።

ቀዩ ኤክስና አረንጓዴው ቀስት እንዴት ይሠሩ ነበር?

ከሌኑ በላይ የተሰቀለ ምልክት ነበር። አረንጓዴ ቀስት ሲበራ ትከሻው ክፍት ነው፣ ቀይ ኤክስ ሲበራ ዝግ ነው። ለብዙ ዓመታት የሚበራው በሰዓት ነበር። ትራፊክ ግን ሰዓት አያይም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ ልሄድ ተነስቼ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ደረስኩ። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ቆሟል፣ ከጎኔ ባዶ ሌን አለ፣ ከላዩ ቀይ ኤክስ በርቷል። ቅዳሜ ነዋ!

ይህ የተስተካከለው በሴፕቴምበር 2015 ነው። ከዲሲ ድንበር እስከ ጌንዝቪል፣ 34 ማይል ላይ፣ ካሜራና የኤሌክትሮኒክ ምልክት ተተከለ። ወጪው 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ትከሻው የሚከፈተው ሰዓቱ ስለደረሰ ሳይሆን መኪናው ስለበዛ ሆነ፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ከአደጋው ቦታ ቀደም ብሎ በሌኑ ላይ ኤክስ እያበሩ ሹፌሩ አስቀድሞ ሌን እንዲቀይር ያደርጋሉ። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ ብልሁ ይሄኛው ነበር።

አሁን ያ ምልክት ለምን የለም?

ከቤልትዌዩ ውጭ መንገዱ ራሱ ስለሰፋ ነው። ትከሻው ወደ ዱሮ ሥራው ተመልሷል።

አንድ ሌን መጨመር ምን ያህል ይጠቅማል?

ደህና በሚሄድበት ጊዜ አንድ የሀይዌይ ሌን በሰዓት 2,000 ያህል መኪና፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ግን ልብ በሉ፦ ደህና በሚሄድበት ጊዜ። መኪናው ከልክ ሲያልፍ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ በሰዓት የሚያልፈው የመኪና ብዛትም ይቀንሳል። ልክ በሚያስፈልገን ሰዓት መንገዱ አቅሙን ያጣል ማለት ነው።

ጃፓኖች በ2008 ያወጡት ሙከራ ይህንን በደንብ ያሳያል። 22 መኪኖችን 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አሰልፈው፣ ሁሉም በአንድ ፍጥነት እንዲነዱ ነገሯቸው። አደጋ የለም፣ መብራት የለም፣ የጠበበ ቦታ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ፍሬን ነካ አደረገ፣ ከኋላው ያለው ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ የመጨረሻው ቆመ። መጨናነቁም እንደ ማዕበል ወደ ኋላ መጓዝ ጀመረ። «ምንም ሳይኖር ነው ያቆመኝ» የምንለው ይሄ ነው። እና አንድ ሌን መጨመር ጥቅሙ መኪኖቹን ትንሽ ማራራቅ ነው። ያ ትንሽ ክፍተት ነው ፍሬኑን የሚያስቀረው።

ለምን ከመጀመሪያው በደንብ አላሰፉትም? ትከሻ ላይ መንዳት ምን አመጣው?

ገንዘብና ቦታ። ያ ሁሉ ምልክትና ካሜራ 39 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ ብያለሁ። ከቤልትዌዩ ውጭ ያለው የማስፋት ፕሮጀክት ደግሞ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዘጠና እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ በግራ በኩል እስከ ቪየና ድረስ የሜትሮው ኦሬንጅ ላይን መሃል ለመሃል ይሄዳል። እዚያ የደረሰው በ1986 ነው። ወደ ግራ ባቡር፣ ወደ ቀኝ የሰው ቤት። ድልድይ ሁሉ ፈርሶ እንደገና ካልተሠራ ቦታ አይገኝም። ትከሻው ግን ተሠርቶ የተቀመጠ ነው።

ትከሻው ክፍት ሆኖ መኪናዬ ቢበላሽስ?

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ሌን ተገኘ ስንል መሸሸጊያው ሄዷል። ለዚህ መልስ ተብሎ የሚሠራው በየተወሰነ ርቀት ከትከሻው ወጣ ያለ የድንገተኛ ማቆሚያ ነው። አይ-66 ላይም ተሠርቶ ነበር። ችግሩ፣ የሚበላሽ መኪና ማቆሚያው እስኪደርስ አይጠብቅም።

በዚህ ጉዳይ እንግሊዝን ማየት ጥሩ ነው። በ2006 በርሚንግሃም አጠገብ ኤም 42 ላይ በሥራ ሰዓት ትከሻውን መክፈት ጀመሩ። በደንብ ሠራላቸው። ከዚያ ደፈሩና በሌሎች መንገዶች ላይ ትከሻውን ለይተው በሰዓት መክፈቱን ትተው ለዘለቄታው ሌን አደረጉት። በቆመ መኪና ላይ ሌላ መኪና እየገባ ሰው ሲሞት የሟች ቤተሰቦች ዘመቻ ጀመሩ፤ ነገሩ ፓርላማም ገባ። በኤፕሪል 2023 መንግሥት አዲስ እንዲህ ዓይነት መንገድ አልሠራም አለ። ምክንያቱ ወጪውና የሕዝቡ አመኔታ ማጣት ነው ተባለ። ለኔ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሰዓት የሚከፈት ትከሻና ለዘለቄታው የጠፋ ትከሻ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብድር ነው፣ ሁለተኛው ሽያጭ።

ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ከተበላሸባችሁ፦ የአደጋ መብራቱን አብሩ፣ መኪናው የሚንፏቀቅ ከሆነ ወደ ማቆሚያው ወይም ወደሚቀጥለው ኤግዚት አድርሱት። የቆማችሁት መኪና በሚሄድበት ሌን ላይ ከሆነ ቀበቷችሁን ሳትፈቱ 911 ደውሉ። ለስቴት ፖሊስ ከሞባይል #77 ይሠራል። በሀይዌዩ ላይ የሚዞረው የመንገድ እርዳታ መኪና ጎማ ሲቀይርላችሁ ወይም ቤንዚን ሲሰጣችሁ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነፃ ነው። እናንተ ሌላ ሰው ቆሞ ካያችሁ ደግሞ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። የአደጋ መብራት ላበራ ለማንኛውም መኪና ሌን መቀየር፣ ካልተቻለም ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ነው። ለፖሊስና ለአምቡላንስ ብቻ አይደለም።

ከቤልትዌዩ ውጭ በመጨረሻ ምን ተሠራ?

22.5 ማይል፣ ከቤልትዌዩ እስከ ጌንዝቪል። በየአቅጣጫው ሦስት ነፃ ሌንና ሁለት ኤክስፕረስ ሌን፣ ማለትም ቶል የሚከፈልበት። የምዕራቡ ክፍል በሴፕቴምበር፣ የቀረው በኖቬምበር 2022 ተከፈተ። የሠሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ቶሉን ለ50 ዓመት ይሰበስባሉ። ከ4,000 በላይ መኪና የሚያስቆም ፓርክ ኤንድ ራይድም የዚሁ ፕሮጀክት አካል ነው። ሰው ስለ ቶሉ ብቻ ያወራል እንጂ ይሄኛው ቀላል ነገር አይደለም። መኪናችሁን አቁማችሁ በኤክስፕረሱ ሌን በሚሮጠው አውቶቡስ መሄድ ትችላላችሁ፤ ቶሉ እናንተን አይመለከታችሁም።

ከቤልትዌዩ ውስጥ ያለውስ ለምን ጠባብ ቀረ?

ጠባብ ሆኖ እንዲሠራ ስለተፈለገ ነው! ይህን ስነግር ብዙ ሰው አያምነኝም።

አርሊንግተን ውስጥ ያሉ ነዋሪዎች ሀይዌዩ በሰፈራቸው እንዳያልፍ ዓመታት ታግለዋል። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ዊሊያም ኮልማን በ1975 ሰፋ ያለውን ዕቅድ ውድቅ አደረገው። ከዚያ በጃንዋሪ 1977፣ የፎርድ አስተዳደር ሊሰናበት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። ከአራት ሌን እንዳይበልጥ፣ ከባድ መኪና እንዳይገባበት፣ በሥራ ሰዓት በርከት ብሎ ለሚሄድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ መሃሉ ለሜትሮ እንዲተው። መንገዱ የተከፈተው በዲሴምበር 1982 ነው። ዛሬም የጭነት መኪና እዚያ የማናየው ከዚያ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ሲከፈት በሥራ ሰዓት ለመግባት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ከዓመት በኋላ ሦስት ሆነ። በ1995 ሁለት። በዲሴምበር 2022፣ ቶል ሳይከፍሉ ለመግባት፣ ተመልሶ ሦስት። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

መስፋቱ ጨርሶ አልቀረም። በ2016 ገዥው ቴሪ ማኮሊፍና የምክር ቤት አባላቱ ተስማሙ፤ ቶልም ይኑር፣ ወደ ዲሲ በሚወስደው በኩልም አንድ ሌን ይጨመር ተባለ። አራት ማይል ብቻ ነው፣ የደለሱ መንገድ ከሚቀላቀልበት እስከ ቦልስተን። በ2020 ተከፈተ። አብሮም የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተሠራ።

40 ዶላር ቶል የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከቤልትዌዩ ውስጥ ቶል የተጀመረው ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዋጋው 34.50 ዶላር ደረሰ። በማግሥቱ 40። ያን ጊዜ ያልጮኸ ሰው አልነበረም።

ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ከዚያ በፊት ብቻውን የሚነዳ ሰው፣ ወደ ደለስ ኤርፖርት ከሚመላለሰውና ከመሳሰለው በቀር፣ በዚያ ሰዓት በዚያ አቅጣጫ መግባት አይፈቀድለትም ነበር። ቶሉ የዘጋው መንገድ ሳይሆን የከፈተው መንገድ ነው፤ በውድ ዋጋ ቢሆንም። ሁለተኛ፣ ዋጋው የሚጨምረው ሆን ተብሎ ነው። ሌኑ መሙላት ሲጀምር ዋጋው ሽቅብ ይወጣና የተወሰነው ሰው ይቅርብኝ ይላል። የቀረው ይሮጣል። ጣሪያ የለውም። ስትገቡ ምልክቱ ላይ ያያችሁት ዋጋ ግን ይጸናል፤ መሃል ላይ ቢጨምር አይመለከታችሁም።

ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ ግማሽ ልቤ አይደለም ይላል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚከፍት የጽዳት ሠራተኛና ጠበቃው እኩል ይከፍላሉ ማለት ይከብዳል፤ በዶላር እኩል ነው፣ በደሞዝ ግን አይደለም። የቤልትዌዩ ውስጥ ቶል ገቢ ለአውቶቡስና ለመሳሰለው መዋሉ ትንሽ ያጽናናኛል።

ቶሉ በየትኛው ሰዓት ነው?

ከቤልትዌዩ ውስጥ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ወደ ዲሲ ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30፣ ከዲሲ ከሰዓት ከ3:00 እስከ 7:00፤ ሁሉም በአሜሪካ አቆጣጠር። ከቤልትዌዩ ውጭ፦ ኤክስፕረሱ ሌን ሌት ተቀን ያስከፍላል። ነፃዎቹ ሌኖች ሁልጊዜ ነፃ ናቸው።

ሕፃን ልጅ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ሹፌሩም ይቆጠራል። እናት፣ አባትና የሁለት ወር ልጅ ሦስት ሰው ናቸው። ግን ቶል ከሚቆርጠው የመኪና መሣሪያ፣ ከኢዚ ፓስ፣ ፍሌክስ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋችኋል፤ እሱንም ወደ ኤችኦቪ ማዞር አትርሱ። ተራው ኢዚ ፓስ ስንት ሰው እንዳለ አያውቅም፣ ይቆርጣል።

ኡበር ወይም ታክሲ እሠራለሁ። ወደ ደለስ ስሄድ ነፃ አይደለም እንዴ?

ድሮ ነበር። ወደ ደለስ ኤርፖርት የሚሄድና ከዚያ የሚመጣ ሰው ብቻውን ቢሆንም በቤልትዌዩ ውስጥ አይ-66 ላይ በሥራ ሰዓት መግባት ይችል ነበር። ቶሉ ሲጀመር ያ ቀረ። አሁን ነፃ የሆነው ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው የራሱ የአክሰስ መንገድ ብቻ ነው፤ ያውም ለኤርፖርት ጉዳይ ብቻ። ጎኑ ያለውን የቶል መንገድ ለመሸሽ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ መመለስ ክልክል ነው፣ ፖሊስም ይህን ዘዴ ከኛ በፊት ነው የሚያውቀው።

መንገድ ሲሰፋ ለምን መልሶ ይሞላል?

ባዶ መንገድ ሰው ስለሚጠራ። ድሮ ትራፊኩን ፈርቶ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ይወጣ የነበረው 7 ሰዓት ላይ ይወጣል። በሜትሮ ይሄድ የነበረው መኪናውን ያነሳል። በውስጥ መንገድ ያቋርጥ የነበረው ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አሁን እኮ ቅርብ ነው» ብሎ ራቅ ያለ ቦታ ቤት የሚገዛው ይመጣል። አንቶኒ ዳውንስ የተባለ ኢኮኖሚስት ይህን በ1962 ጽፎታል። በ2011 የወጣ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከተሞች የሀይዌይ ሌን በጨመረ ልክ የሚነዳው ርቀትም በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳየ።

ሂዩስተን ያላችሁ ኬቲ ፍሪዌይን ታውቁታላችሁ። በ2008 ተሠርቶ ሲያልቅ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። በሰፊው ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹ ሲደመሩ 26 ሌን ነው። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ግን የጠዋቱ ጉዞ 30 በመቶ፣ የማታው 55 በመቶ ረዘመ።

እንግዲያው ማስፋት ከንቱ ነው?

አይደለም። ሰፊው መንገድ ቢሞላም ብዙ ሰው እያሳለፈ ነው የሚሞላው። የጠበበና ሁሉም የሚታነቅበት አንድ ቦታ ካለ እዚያች ላይ ሌን መጨመር ያዋጣል። ለዚህ ነው አራቷ ማይል የቦልስተን ሌን ለኔ ትርጉም የሰጠችኝ። ግን «ሲሰፋ ትራፊክ ያበቃል» ብሎ ቃል የገባ ፖለቲከኛ ካለ ወይ አላወቀም ወይ አውቆ ነው። ማስፋት ጊዜ ይገዛል። ትከሻ መክፈትም ጊዜ ይገዛል፣ ያውም በርካሽ። ለዘለቄታው ሌኑን ሲንቀሳቀስ የሚያቆየው ወይ ዋጋ ነው፣ ወይ አንድ መኪና ውስጥ ብዙ ሰው መሆን ነው።

ሌላ ስቴት ይህ ነገር አለ?

ሞልቷል። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ከ2017 ጀምሮ አይ-405 ላይ፣ ወደ አይ-5 ስትጠጉ፣ ከሁለት ማይል በታች የሆነች የትከሻ ሌን አለቻችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ አይ-70 ከተራራው ሲወረድ ከ2015 ጀምሮ በቶል የሚከፈት አለ። ሚኒሶታ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ትከሻውን ለአውቶቡስ ሰጥታለች። እዚያ ሕጉ ደስ ይላል፤ አውቶቡሱ ከ35 ማይል አይበልጥም፣ ጎኑ ካለው ትራፊክም ከ15 ማይል በላይ አይፈጥንም። ቆሞ ከሚጠብቅ አንድ ሺህ መኪና አጠገብ ሃምሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ቢሠራበትስ?

በ2014 የተከፈተው የአዲስ-አዳማ የክፍያ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት ሌን አለው፣ ትከሻም አለው። እዚያ ትከሻው ለችግር ቀን ቢቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሚኒባሶቻችን ፈቃድ ሳይጠብቁ ጀምረውታል። ልዩነቱ ያ ነው፤ የተከፈተ ትከሻ የሚሠራው ሲዘጋ ሁሉም የሚያከብረው ከሆነ ነው። ካሜራና መብራት ሳይተከል «ግቡበት» ቢባል አምቡላንስ ማለፊያ ያጣል።

ትራፊኩ ቆሟል፣ ኤግዚቴ እዚያ ይታየኛል። ትንሽ በትከሻው ብሄድስ?

ክፍት ነው የሚል ምልክት ከሌለ አይቻልም። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። የተበላሸ መኪና ትከሻው ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ፖሊሱ ቆሟል፣ እኔ መጣሁ።